የዳማዋ ልጆች

የፈረስ እርባታው ሠራተኞች «እማማ ባልዲ» ይሏታል። በሌለችበት ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊትም ነው፤ እሷም አቤት ትላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የፈረሶች መጠጫ ስታጥብ ኖራ ሌላ ስም ከየት ታምጣ? ከዚያ በፊት ግን መዝጋቢ ነበረች። ትምህርቷ ከስምንተኛ ክፍል ባያልፍም ጽሕፈቷ እንደ ተለቀመ እህል የጠራ ነበር።

እዚያ ቤት መዝገብ ከሰው አፍ ተሰምቶ አይጻፍም። ባዝራ ስታምጥ መዝጋቢዋ ጋጣው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ውርንጭላው ሳይደርቅ በዓይኗ አይታ፣ የግንባሩን ነጭና የእግሩን ቀለበት ስላ፣ እናቱን ትጽፋለች።

አንድ ጠዋት ሁለት ባዝሮች ባንድ ጊዜ አማጡ። አንዷ ገዢ ሁሉ የሚመኛት አምባላይ ነበረች፤ ሌላዋ የመኖ ጋሪ የምትጎትት ዳማ። የአምባላይዋ ውርንጭላ ሞቶ ተወለደ። ዳማዋ ደግሞ ደህና ሴት ውርንጭላ ወልዳ ራሷ ሞተች። የጋጣ ሰዎች እንደ ልማዳቸው የሞተውን ቆዳ ለሕያዋ ደርበው ወደ አምባላይዋ አስጠጓት። አምባላይዋም አሽትታ እንደ ልጇ አጠባቻት። መዝጋቢዋ ግን እናት በሚለው ዓምድ ዳማዋን ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ የእርባታው አለቃ መጥቶ አምባላይዋን ጻፊ አላት። እምቢ አለች። በሳምንቱ ገጹ ተቀድዶ፣ በአለቃው እጅ ሌላ ተጽፎ አገኘችው። እሱም ሠራተኛውን ሁሉ ግቢ ውስጥ አሰልፎ፣ «ይቺ ሴትዮ የትኛዋ እንደሞተች፣ የትኛዋ እንደወለደች አምታታች። ከዛሬ ጀምሮ ባልዲ ትጠብ፤ ባልዲ እናት የለውም» አለ። ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ። ባሏ እንኳን እራት ላይ፣ ምናልባት ተሳስተሽ ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቃት። ባሏን ከጊዜ በኋላ ይቅር አለችው። አለቃውን ግን አላለችም፤ ልትልም አልሞከረችም።

ያቺ ውርንጭላ አድጋ ወለደች፤ ሴት ልጆቿም ወለዱ። አሥራ አራት ፈረሶች «የአምባላይ ዘር» እየተባሉ ለአለቃው ሽልማት አመጡለት። እማማ ባልዲ አሥራ አራቱንም ባጠበችው ባልዲ አጠጣች።

ዘንድሮ የአርቢዎች ማኅበር መዝገቡ በዘረመል ይጣራ ብሎ አዘዘ። አለቃው ግድም አልሰጠው። ከዓመታት በፊት የአባትነት ምርመራ ተደርጎ ንጹሕ ሆኖ ነበር፤ ሁለቱ ባዝሮች የተጠቁት ባንድ ድንጉላ ነውና። ይሄኛውም ያው መስሎት የሚመረመሩትን ፈረሶች ዝርዝር ሲያመጡለት ሳያነብ ፈረመ። ለምርመራው የመጣችው ወጣት የእንስሳት ሐኪም ግን የጭራ ፀጉር እንድትነቅልላት እማማ ባልዲን ስትጠይቅ ነገሩን አስረዳቻት። ይሄኛው የእናትን መስመር ነው የሚያየው፤ እናት ለልጇ፣ ሴት ልጅም ለልጇ፣ የአባት ሳይቀላቀልበት እንዳለ የምታወርሰው ነገር አለ። ለማነጻጸር የአምባላይዋና አብረዋት የነበሩ የሌሎች ባዝሮች ዘመዶች ቢገኙ ጥሩ ነበር አለች።

እማማ ባልዲ እጇን በሽርጧ ጠረገች። የአምባላይዋ እህት የሴት ልጅ ልጅ የትኛው ጋጣ እንዳለች፣ ዳማዋ ቀድማ የወለደቻት ሴት ልጅ ዛሬ የትኛውን ጋሪ እንደምትጎትት፣ ከእሷ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከሁለቱም፣ ከአሥራ አራቱም ከእያንዳንዳቸው ሠላሳ ሠላሳ ፀጉር ከነሥሩ ነቀለች። ሥሩ የተበጠሰውን ጥላ ሌላ ነቀለች። ፖስታዎቹን ስታሽግ ከንፈሯን ትልስ ነበር፤ የሚጣፍጥ ነገር በአፉ እንደያዘ ሰው።

ውጤቱ ሲመጣ አሥራ አራቱም ከጋሪ ጎታቿ ከዳማዋ ልጅ ጋር ገጠሙ። ከአምባላይዋ ወገን ጋር የገጠመ አንድም የለም። ሐኪሟ ደንግጣ፣ እርስዎ ቀደም ብለው ለአለቃው በጆሮው ቢነግሩት ኖሮ አይሻልም ነበር ወይ አለቻት።

«እኔን በጆሮዬ አልነገረኝም፣ ልጄ» አለች።

በማኅበሩ ደንብ የመዝገብ ስህተት በቀይ ቀለም የሚታረመው ስህተቱን በጻፈው ሰው እጅ ነው፤ እሱም እርማቱን ለሠራተኛው ያነባል። አለቃው በማግስቱ ማጠቢያው ክፍል መጣ። አንድ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልገባበት ክፍል ነው።

«እትዬ» አላት፤ እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። «ጡረታሽ ሦስት ወር ነው የቀረው። ገጹን የጻፍኩት አንቺ በነገርሽኝ መሠረት ነው ብለሽ ፈርሚልኝ። አንቺን ማንም ምንም አይልሽም። እኔ ግን አለቀልኝ።»

«እንዳለቀልዎ አውቃለሁ» አለችው።

«ትንሽ እንኳን አታዝኝልኝም?»

«አለቃ፣ ከባልዲው ላይ ይነሱልኝ፤ ላጥበው ነው።»

ዓርብ ጠዋት ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ተሰለፈ። የማኅበሩ ሰው መዝገቡን ዘረጋ። አለቃው በቀይ ብዕር ጻፈ፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ በለሆሳስ አነበበ። የውርንጭላዋ እናት ዳማዋ እንደሆነች፣ የመጀመሪያውን ትክክለኛ ገጽ ቀድዶ የተካው እሱ መሆኑን። ማንም አልሳቀም። አንድ የጋሪ ነጂ ብቻ ጉሮሮውን ጠረገ።

እማማ ባልዲ ከፊት ቆማ ነበር። ዞር ብላ የኋላውን ሰልፍ አየች፤ ወደ አለቃውም ተመለሰች።

«የኋላዎቹ አልሰሙም» አለች በዝግታ። «እንደገና ያንብቡት።»

የማኅበሩ ሰው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። አለቃው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና አነበበው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ጣማት።