የዝውውር ፎርም

ጎባ የሄድኩት ማኅተም ለማስመታት ነበር። የግብርና ተማሪ ነበርኩ፤ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ ሒሳብ ለመማር ፎርም ይዣለሁ። የቢሮው ሰዎች ደብተሬን ገልጠው የኢንቴግራል ምልክቶቹን ሲያዩ የምስጢር ጽሑፍ መሰላቸው። ለማስረዳት ሞከርኩ። ባልሞክር ይሻለኝ ነበር።

አስረው ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። ግድግዳው ገብስ ገብስ ይሸታል፤ ወለሉ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደውን ብርድ አምቆ ይዟል። ከገሰራ የመጡ ሽማግሌ ነጋዴ፣ ሁሉም ሐጂ የሚሏቸው፣ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«ምን አድርገህ ነው ኢልመ ኮ፣ ልጄ?»

«ምንም። ወደ አዲስ አበባ ዝውውር እየጠበቅሁ ነበር።»

ሐጂ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝና እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ግራ ገባኝ። አንድ እስረኛ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «እዚህ ዝውውር የሚባለው ተጠርቶ ወጥቶ አለመመለስ ነው» አለኝ።

«የትምህርት ነው ሐጂ» አልኩ ተርበትብቼ። «ሒሳብ ለመማር።»

«አልሐምዱሊላህ። ልቀብርህ ነበር እኮ።» ሁሉም ሳቁ። ጋቢውን ግን መልሰው አልወሰዱትም።

በአራተኛው ቀን የእስር ቤቱ ካድሬ ጠርቶ አዲስ ፎርም ሰጠኝ። «አብዮቱ የሚፈልገው አምራች ነው። ግብርና ብለህ ሞልተህ ከሰዓት ይዘህ ና፤ ዛሬውኑ ትፈታለህ። አለዚያ እዚሁ ትከርማለህ።»

ፈርቼ ነበር። «ምን ልጻፍ?» አልኳቸው ሐጂን።

«ይኼ ሒሳብ የምትለው ምን እንደሆነ አላውቅም። ስታወራው ግን ብርዱን ትረሳለህ። እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«እንግዲያ እኔ ይህን ጻፍ አልልህም። አንተው ታውቃለህ።»

ፎርሙ ለምርጫ ሦስት መስመር ነበረው። በሦስቱም ላይ ሒሳብ ብዬ ጻፍኩ። ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ካድሬው አነበበና፣ «ሦስቱም አንድ ነው» አለ።

«አዎ፣ ጓድ።»

ሰባት ወር ከረምኩ። ሐጂ ከእኔ በፊት አንድ ጠዋት ተጠርተው ወጡ፤ የት እንደደረሱ የነገረን የለም።

ሒሳብ የተማርኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይህ ነው የሚባል ተማሪ አልነበርኩም፤ አሁን ሮቤ አስተምራለሁ። በምርጫዬ አልተጸጸትኩም። መማሬን ሐጂ ሳያውቁ መቅረታቸው ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።