ቀይዋ መኪናና የቀርከሃው ክምር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። አንድያ ልጄን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ያጣሁት መስሎኝ ስለነበር እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

የምንኖረው አሶሳ ዳር፣ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ወላጆቼ በሠሩት ቤት ነው። ልጄ ጀማል ጉባ፣ ግድቡ ላይ፣ ብየዳ ሲሠራ ቆይቶ ሥራው ሲያልቅ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሥራ አላገኘም። በኩርሙክ በኩል ሱዳን ለመሻገር ከጓደኞቹ ጋር እንደሚመክር ሰማሁ። ጦርነት ወዳለበት አገር! ለመንኩት፣ አለቀስኩ። በመጨረሻ የቀረኝ ዱዓ ብቻ ነበር።

በዚህ መሐል ያጠራቀመውን ሁሉ አውጥቶ መኪና ገዛ። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ለመሬት የቀረበች፣ ቀይ የእሽቅድምድም መኪና። የቀድሞ ባለቤቷ ከአዲስ አበባ ሲያመጣት ባምባሲ አካባቢ በሬ ገጭቶባት ፊቷ ተጨፍልቋል። በአይሱዙ ተጭና ግቢያችን ስትገባ ጎረቤቴ ፋጡማ በአጥሩ ቀዳዳ አየቻት።

«ዘይኑ፣ ልጅሽ ምንድን ነው የገዛው? ይቺ እኮ ከሥሯ ዶሮ አታሳልፍም!»

«ለሙሽራ ነው የማከራያት» አላት ጀማል። «አሶሳ ውስጥ እንዲህ ያለች የለችም።»

«ሙሽሪትን አስተኝተህ ልትወስዳት ነው?»

እኛ ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ «እማ፣ ይቺ ካልተነሳች እሄዳለሁ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብረት ዱዓ አደረግሁ።

የተጨፈለቀውን ቀጠቀጠ፣ ቆረጠ፣ በየደ። መንገዳችን ሆዷን እንዳይልጠው፣ እዚህ አገር ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ከሌላ መኪና ረጅም ሞላ አውጥቶ አስገባላትና ከፍ አደረጋት። ሞተሯ የተነሳ ዕለት መሬት ላይ ተደፍቼ ሱጁድ አደረግሁ።

«ከሙሽራ በፊት የምትቀመጪባት አንቺ ነሽ፤ ተሳፍረሽ መርቂያት» አለኝ። እምቢ ማለት አልሆነልኝም። በእኔ በኩል ያለው በር ገና ስላልተሠራ፣ ካስገባኝ በኋላ በሽቦ አሰረው።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ከሥር አንድ ነገር ጧ አለ። ጀማል ፍሬኑን ረገጠ፤ እግሩ እስከ ወለሉ ወረደ። ደግሞ ረገጠ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ገና አልገባም። ማርሽ ሲቀንስ ሞተሩ ጮኸ እንጂ መኪናዋ አልቆመችም። የገበያ ቀን ስለነበር ከታች ማንጎ የተሸከሙ ሴቶች መንገዱን ሞልተውታል።

«እማ፣ ዝለይ!»

በሩ ታስሯል። ክፍት ቢሆንም ጥዬው አልወጣም ነበር። ሞት መጣ ብዬ ሸሃዳ አልኩ። ቀጥዬም «ያ ረቢ፣ በልጄ እጅ የሰው እናት እንዳትሞት» ብዬ ለመንኩ።

መንገድ ዳር አንድ የበርታ ሽማግሌ ትልቅ የቀርከሃ ክምር አጠገብ ቆሞ እስር ያስር ነበር። የክላክሳችንን ጩኸት ሲሰማ ቀና አለ። ሌላው ሰው ሲሸሽ እሱ አልሸሸም። አህያውን መትቶ ከመንገዱ አባረረና በሁለት እጁ ክምሩን እያሳየ «እዚህ! እዚህ ግባ!» ብሎ ጮኸ። ጀማል መሪውን ጠመዘዘው።

ቀርከሃው ሲሰባበር ድምፁ እንደ ተኩስ ነበር። ከዚያ ጸጥ አለ። አንድ ዘንግ የፊት መስታወቱን ሰብሮ በእኔና በልጄ መካከል ተሰክቷል።

ሽማግሌው ሽቦውን በገጀራው ቆርጦ አወጣኝ። «እናት፣ አለህ? አይዞህ፣ አይዞህ» ይለኛል፣ ሴትና ወንድ በማይለየው የበርታ ሽማግሌዎች አማርኛ።

ጀማል መሬት ላይ ተቀምጦ ከጎማው ሥር የተንጠለጠለውን የፍሬን ቱቦ ያያል። መኪናዋን ከፍ ሲያደርጋት ቱቦው በዱሮ ቁመቱ ቀርቶ ነበር። ጉድጓዱ ላይ ተወጥሮ ተበጥሷል።

«በቃ እማ፣ አለቀ። ነገ ኩርሙክ እሄዳለሁ» አለ። በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ያጣሁት መሰለኝ።

ሽማግሌው ሰምቶታል። አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ኩርሙክ የእኔ አገር ነው። ልጄ በዚያ ተሻገረ። አልመጣም።» በገጀራው የተሰባበረውን ክምር አሳየው። «ይሄ ቀርከሃ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይበቅላል። ልጅ አይበቅልም።»

ጀማል ቀና ብሎ አላየውም። ግን ተነስቶ የተበታተነውን ቀርከሃ ይሰበስብ ጀመር። ስለ ጠፋበት ንብረት ስናነሳበት ሽማግሌው «ኸላስ፣ በቃ!» ብሎ ዝም አሰኘን። የተሰባበረውን ለአጥር እንድንወስድ ሰጠን።

መኪናዋ አሁንም ግቢያችን ቆማለች። ሙሽራ አልጫነችም። ጀማል አንዳንድ ቀን የሰው በር ይበይዳል፤ አንዳንድ ቀን ከሽማግሌው ጋር ቀርከሃ ይቆርጣል። ስለ ኩርሙክ አያነሳም፤ እኔም አልጠይቅም። አጥራችን በዚያ ቀርከሃ ታድሶ፣ ፋጡማ «አሁን በየት በኩል ልይ?» እያለች ትወቅሰኛለች።

ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግጄ ስጨርስ የሽማግሌው ልጅ ለአባቱ እንዲመለስለት ዱዓ አደርጋለሁ። ከዚያ የጀማልን መጋረጃ ገለጥ አድርጌ አያለሁ።

ተኝቷል። አልሐምዱሊላህ።