ጥርሱ ያለቀው የቡሎን ቀዳዳ

ፍኖተ ሰላም፣ ከቤታችን ጓሮ፣ በቆርቆሮ የተከደነች ወርክሾፕ አለችን። ባሌ የብረት በርና መስኮት ይበይዳል፤ እኔ ቀለም እቀባለሁ። የምቀባው በብሩሽ አይደለም፤ አየር አጠራቅሞ በቱቦ በሚተፋ፣ ሲነሳ ጎረቤቱን ሁሉ በሚያስበረግግ አሮጌ ኮምፕረሰር ነው።

ከማግባቴ በፊት ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ቶርኖ ተምሬ ነበር፤ ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን መሥራት ማለት ነው። ከክፍላችን ሁለት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርሁ። ተመርቄ ስወጣ ግን የሚቀጥረኝ አጣሁ። አንዱ ባለ ጋራዥ "ቀሚስሽን ማሽኑ ይይዝብሻል" ብሎ መለሰኝ። ሱሪ ለብሼ ነበር የሄድሁት። ከዚያ አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ቀለም ቀቢ ሆንሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቶርኖ አልነካሁም።

አምና ማንኩሳ አካባቢ ያለ አንድ ደብር የቅጥሩን በር አዘዘን። ባለ ሁለት ተከፋች ትልቅ የብረት በር ነው። ባሌ በይዶ ጨርሷል፤ ቀለሙ ብቻ ይቀራል። ንግሡ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ኮምፕረሰሩ ከአናቱ በኩል ያፏጭ ጀመር። ባሌ ፈትቶ ሲያየው በሲሊንደሩና በክዳኑ መካከል ያለው ማሸጊያ ተቃጥሏል።

"ቀላል ነው" አለና አዲስ ቆርጦ አገባለት። ከዚያ የክዳኑን አራት ቡሎኖች በመፍቻ ቁልፍ ያስር ጀመር።

አራተኛው ላይ ሲደርስ "በቃው" አልሁት።

"ትንሽ ትጨመር" አለና ቁልፉን ገፋ አደረገው። ቡሎኑ መጥበቁን ትቶ ዝም ብሎ ይዞር ጀመር። ስናወጣው ቡሎኑን የሚይዘው የቀዳዳው የአልሙኒየም ጥርስ እንደ ጸጉር ተጠቅልሎበት መጣ። ባሌ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"እኔው በገዛ እጄ!" አለ። ብዬህ ነበር ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውሁት።

በማግስቱ ቀዳዳውን በብረት ማጣበቂያ ሞልተን አደረቅነው። ስናስነሳው አየሩ ግማሽ ሳይሞላ ቡሎኑ ከነማጣበቂያው ተስፈንጥሮ የጣሪያውን ቆርቆሮ መታው። ሌላ ሲሊንደር ከአዲስ አበባ እንዳናስመጣ በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ ሦስት ቀን ዝግ ነበር።

ሲሊንደሩን ፈትተን ከነቡሎኑ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለልነውና ወደ ቡሬ ሄድን። ቡሬ አንድ ስመ ጥር የቶርኖ ባለሙያ አሉ፤ ሽማግሌ ናቸው። ባለ ወፍጮው፣ ባለ ትራክተሩ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄድ። ቀዳዳውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፣ ለባሌ መለሱለት።

"ይኸስ አልቋል ወንድሜ። ሌላ ፈልግ።"

"ጋሼ" አልኋቸው፤ "ቀዳዳውን አስፍተን፣ ውስጡም ውጭውም ጥርስ ያለው ቀለበት ብናስገባበትስ? ቀለበቱ ሲሊንደሩን ይይዛል፣ ቡሎኑ ደግሞ ቀለበቱን።"

የጠየቅሁ እኔ፣ የተመለሰለት ባሌ። "የቀዳዳው ግድግዳ ስስ ነው፣ ይሰነጠቃል። እኔ በሰው ንብረት አልሞክርም" አሉት።

"ንብረቱ የእኛ ነው። ከፈቀዱልኝ እኔው ልሞክረው" አልሁ።

ያኔ ገና ዞረው አዩኝ። ባሌ "ቶርኖ ተምራለች፣ ጋሼ። እኔ ያበላሸሁትን እሷ ታቅናው" አለ። ባዳ ፊት ቆሞ ጥፋቱን በገዛ አፉ ማውጣቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም።

ሽማግሌው ሲመረምሩኝ ቆዩና "ከማሽን ፊት ስትቆሚ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?" አሉኝ።

"ሻሼን አጠብቃለሁ፣ እጅጌዬን እሰበስባለሁ።"

"ደግ። ያ የዳር ማሽን ሥራ ፈቷል።"

ማሽኑ ፊት ቆምሁ። እጄ አልረሳም ነበር። ከአንድ ወፍራም ቡሎን ቆርጬ የውጭውን ጥርስ አወጣሁ፤ ውስጡን ስበሳው ግን ቀለበቱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሽማግሌው ከወዲያ ሆነው ሰሙ። ቁርጥራጩን ይዤ ጥቂት አሰብሁ። ቅደም ተከተሉን ነበር የሳትሁት። ሁለተኛውን ከውስጡ ጀመርሁ፤ በሳሁት፣ ጥርስ አወጣሁለት፣ ከዚያ ያንኑ የኮምፕረሰሩን ቡሎን አስገብቼ በዳዶ አጠበቅሁት። ቡሎኑ ከውስጥ ደግፎ ስለያዘው ውጭውን ስቀርጸው ንቅንቅ አላለም።

የሲሊንደሩን ቀዳዳ በመብሻ አሰፋሁና የጥርስ ማውጫውን በእጄ እያዞርሁ ጥርስ አወጣሁለት። ነጭ ጋዝ ጠብ እያደረግሁ፣ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ፍርፋሪውን እፍ እያልሁ። አልሙኒየም ለስላሳ ነው፤ የቸኮለን አይምርም። ቀና ስል ሽማግሌው ሥራቸውን ትተው አጠገቤ ቆመዋል።

"ቀጥ ብሏል?" አልኋቸው።

ዝቅ ብለው በአንድ ዓይናቸው ከጎን አዩት። "ቀጥ ብሏል። ቀጥይ።"

ቀለበቱ ጥብቅ ብሎ ገባና ከሲሊንደሩ ፊት ጋር እኩል ሆኖ ተቀመጠ። ጣቴን ባስኬድበት መጋጠሚያው አልታወቀኝም።

"ማን ነው ያስተማረሽ?" አሉኝ ሽማግሌው።

"መምህሮቼ፣ ድሮ።"

"ድሮ አትበይ" አሉና የእጅ መጥረጊያቸውን ሰጡኝ።

ቤት ስንመለስ ባሌ ቁልፉን አቀበለኝና ራቅ ብሎ ቆመ። አራቱንም ቡሎኖች እኔ አሰርሁ። ማሽኑ ተነሳ፣ የአየር ጋኑ ሞላ፣ በራሱ ጊዜ ጠፋ። በመጋጠሚያው ዙሪያ የሳሙና አረፋ ቀባሁበት፤ አንዲት ፊኛ አልተነፋችም። ባሌ በደስታ ጋኑን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው፣ እንደ በሬ።

በሩ ቀለሙ ደርቆ ለንግሡ ሁለት ቀን ሲቀረው ተተከለ። የደብሩ አስተዳዳሪ በቅኔያቸው የታወቁ አረጋዊ ቄስ ናቸው። በሩን ሲዳስሱ ባሌ ነገሩን ሁሉ አጫወታቸው፤ ቀዳዳው ጥርሱ እንዳለቀ፣ እኔም አዲስ ጥርስ እንዳወጣሁለት። አባ ከት ብለው ሳቁ። አፋቸው ውስጥ የቀሩት ሁለት ጥርሶች ብቻ ናቸው።

"እንግዲያማ ልጄ፣ ለብረት ጥርስ ካበቀልሽ ለእኔ ምን ተስኖሽ?" አሉኝ።

"የእርስዎ ቅኔ ያለ ጥርስም ይነክሳል፣ አባ" አልኋቸው። በዚህ ደግሞ ይብስ ሳቁ፤ ሁለቱንም እጆቼን ይዘው መረቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ቡሬ በሄድሁ ቁጥር ሽማግሌው ማሽኑን ይለቁልኛል፤ ልካቸው የተለያየ ቀለበቶች ቀርጬ በጣሳ ይዤ እመለሳለሁ። በቀደም አንድ ባለ ወፍጮ ከጅጋ መጣ፤ የሞተር ክዳን በጆንያ ተሸክሟል። ወደ ቡሬ ሊያልፍ ኖሮ ሽማግሌውን በስልክ ቢጠይቃቸው፣ "እዚህ ድረስ ምን አደከመህ? ፍኖተ ሰላም ባለሙያ አለችልህ" ብለውት ነው።

ሰውየው ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ ባሌን "ባለሙያዋ የት ናቸው?" አለው።

ባሌ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና "ያቻትልህ" አለ።

ልብሴ ቀለም በቀለም ነበር። ሰውየው አንዴ እኔን፣ አንዴ ባሌን አየ። እጄን ጠራረግሁና ጆንያውን ከትከሻው ተቀበልሁት።