የእናቴ ቀኝ እጅና የፉሪው በር

እናቴ ቀኝ እጇን የተሰበረችው ዶሮ ስታባርር ነው። ክረምት ነበር፤ ዶሮዋ ፉሪ ባለው ግቢዋ ጎመኑ ውስጥ ገብታባታለች፤ እናቴ ደግሞ ጎመኗን የነካባትን ማንንም በዝምታ አታልፍም። ጭቃው አንሸራተታት፤ ልትደገፍ ስትል የእጇ አንጓ ላይ ተሰበረች። ጎረቤቷ ደውላ ስትነግረኝ ቢሮ ነበርኩ። "ዶሮዋ ደህና ናት" ብላ ነው የጀመረችልኝ፤ እናቴ እንደዚህ ብለሽ ንገሪያት ብላት ኖሯል።

ሐኪም ቤት እጇ በጀሶ ታሰረ። እኔ የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ሴቶች ልጆቼ ጋር። ወደ እኔ ይዣት መጣሁ። "ጀሶው እስኪፈታ ብቻ" አለችኝ ደረጃውን እየወጣች። "እሺ" አልኳት። በልቤ ግን እንድትቀርልኝ ነበር የፈለግኩት። አባታችን ከሞተ ወዲህ ብቻዋን መኖሯ እንቅልፍ ሲነሳኝ ከርሟል። የድሮው እርሻ መንደር ሆኗል፤ በዙሪያዋ ያለቀው ቤት አልቆ፣ ያላለቀው ብረቱን ወደ ሰማይ እንዳቆመ አለ። እሷ በቀረቻት ቁራሽ መሬት ጎመንና ድንች ትተክላለች፤ ሲመሽ የቆርቆሮ በሯን ከውስጥ በትልቅ ጓጉንቸር ቁልፍ ትዘጋለች። ወንድሜ ቤቱን አከራይተን እናታችን አንቺ ጋ ትጠቃለል ይል ነበር። ስብራቱ ለሁለታችንም ጥሩ ምክንያት ሆነልን።

እናም ማጉረስ ጀመርን።

እናቴ በግራ እጇ እህል አትነካም። ማንኪያ ስናቀርብላት "ምን፣ ሕፃን ነኝ?" ብላ ገፋችው። ጉርሻ ግን ክብር ነው፤ ጉርሻ አይገፋም። ጠዋት እኔ፣ በምሳ ሰዓት ከልጆቼ አንዷ፣ ማታ ሁላችንም እናጎርሳታለን። እግዜር ይማርሽ ሊል የመጣ ሰውም ሁሉ እጁን ታጥቦ ይቀርባል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን አልሸሽግም። ልጅ ሆኜ እሷ ከኋላዬ እየሮጠች ታጎርሰኝ ነበር፤ አሁን እሷ አፏን ከፍታ ትጠብቀኛለች። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ለእናቴ የምሰጣት ነገር ያገኘሁ መሰለኝ።

ጀሶው ሲፈታ እጁ የእሷ አይመስልም ነበር። ከስቷል፣ ቆዳው ተልጧል፣ ጣቶቿ ግማሽ ታጥፈው ደርቀዋል፤ ጨብጪ ስትባል አይጨብጡም፣ ዘርጊ ስትባል አይዘረጉም። ሐኪሙ ራጁን አይቶ "አጥንቱ ገጥሟል፤ ቀስ በቀስ ታንቀሳቅሰው" አለን። እኛ ቀስ በቀስ የሚለውን ሰምተን ታንቀሳቅሰው የሚለውን ተውነው። ብርጭቆ ልታነሳ ስትል "ተይ፣ ተይ፣ እኔ አለሁ" የማይላት ሰው በቤቱ አልነበረም። ነጠላዋን እኛ እናለብሳታለን፤ ፀጉሯን ልጆቼ ያበጥሩላታል። እጇ ጭኗ ላይ ተቀምጦ ይውላል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብሶቿን በግራ እጇ ፌስታል ውስጥ ስትከት ደረስኩ።

"ወዴት ነው እማዬ?"

"ቤቴ ነዋ። ጀሶው ተፈታ፤ ልሂድ።"

ለቁጣ ቅርብ ነኝ፤ ሁሉም ያውቀኛል። "የራስሽን በር መክፈት ሳትችዪ የት ነው የምትሄጂው?" ብዬ ጮህኩባት።

ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ያንን ጓጉንቸር ቁልፍ አወጣችው፤ ግቢውን ጎረቤቷ በራሷ ጓጉንቸር እየዘጋች ስለምትጠብቅላት የእናቴ ጓጉንቸር ከእናቴው ጋር ነበር። የድሮ ዕቃ ነው፤ ሲከፈትም ሲዘጋም ቁልፉን ማዞር ይፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ አኑራ በቀኝ እጇ ቁልፉን ልትይዝ ሞከረች። ጣቶቿ አልገጠሙላትም፤ ቁልፉ አምልጧት ወለሉ ላይ ወደቀ። አላነሳችውም።

"ስከፍተው እሄዳለሁ?" አለችኝ።

"ስትከፍቺው ትሄጃለሽ" አልኳት፤ እንደማትከፍተው እርግጠኛ ነበርኩ።

ወንድሜ ወጌሻ ጋ ወሰዳት። ወጌሻው እጇን ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ "አጥንቱ ተጠግኗል፤ የደረቀው ጅማቱ ነው። እኔ ብጎትተው ይብስባታል" ብሎ መለሳቸው። ወንድሜ እስከ ዛሬ ድረስ በሰውየው እንደተበሳጨ ነው። እኔ ግን ባገኘው አመሰግነው ነበር፤ እሱ ያለውን ይዘን በዚያው ሳምንት ራጁን ያየውን ሐኪም ስንጠይቅ ነው ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ወዳለች አንዲት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ እጅን ለዕለት ሥራ ወደምታለማምድ ባለሙያ፣ የላከን። እናቴ ስሙ አልያዝላት ብሎ "የሥራ ሐኪሟ" አለቻት፤ በኋላ ስናየው ልክ ነበረች።

የሥራ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የት የት ያምዎታል ትላለች ብዬ ስጠብቅ "በዚህ እጅ ምን ሊሠሩበት ይፈልጋሉ፣ እማማ?" አለቻት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማናችንም ይህን ጠይቀናት አናውቅም። እናቴ ቦርሳዋን ከፍታ ጓጉንቸሩን አወጣች።

"ይኼን ልከፍትበት።"

ልጅቷ አልሳቀችም። ተቀብላ ራሷ ሞከረችው። "ለኔም ይከብዳል" አለችና የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ቆዳውን ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ አደረገችው።

"በግ ሲገፈፍ በቆዳውና በሥጋው መካከል ነጭ፣ ስስ ነገር አይተዋል አይደል?"

"ባሌ ሲገፍፍ የምይዝለት እኔ ነበርኩ።"

"እሱ በእኛም ውስጥ አለ። ጅማቱንም፣ ጡንቻውንም፣ ቆዳውንም ያያይዛል፤ አንዱ በሌላው ላይ እንዲንሸራተትም ያደርጋል። እጅ ሥራ ፈትቶ ሲከርም ይጣበቃል፣ ያጥራል። አጥንትዎ ድኗል። አሁን የያዘዎት እሱ ነው።"

እናቴ ትንሽ አሰበች። "እንደ ጠፍር በዪኛ። ባሌ በሬ የሚጠምድበት ጠፍር ሳይሠራበት ሲከርም እንጨት ይሆን ነበር።"

"ምን ያደርጉት ነበር ታዲያ?"

"ቅባት ቀብቶ፣ እያሸ፣ በቀስታ። በጉልበት ከሳቡትማ ይሰነጠቃል።"

"እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው" አለቻት። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። "ቤት ውስጥ በየትኛው እጃቸው ነው የሚበሉት?"

"በየትኛውም አትበላም። እናጎርሳታለን" አልኳት ኮራ ብዬ።

"ማን?"

"ሁላችንም።"

ሳትቆጣኝ፣ ሳትስቅብኝም ነገረችኝ። እንጀራ መቁረስ፣ መጠቅለል፣ ወደ አፍ ማድረስ አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጋር ያገናኛል፣ አንጓን ያዞራል፣ ክርንን ያጥፋል፤ በየማዕዱ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስቢው አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ስፖርት የለኝም፤ እናንተ ግን እየሠራችሁላቸው ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳያጎርሳቸው አለች። "እናቴን ላስርባት?" አልኳት። "አይራቡም፤ ይዘገያሉ እንጂ ይበላሉ" አለችኝ።

የዚያን ቀን ማታ ሽሮ ነበር። ማናችንም ወደ እናቴ እንዳናይ ተስማምተን ሁላችንም እናያታለን። እንጀራውን በጣቶቿ ጎን ጨምድዳ ሳበችው፤ አልተቆረሰም። ደግማ ሳበችው። የተቆረሰውን ወደ አፏ ስታደርስ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። እጄ ሳላዝዘው ጠቅልሎ ወደ አፏ ሄደ። በግራ እጇ ቸብ አደረገችኝ። ትንሿ ልጄ ሳቀች፤ እኔ ወጥ ልጨምር ብዬ ተነስቼ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ማዕዱ ላይ የመጨረሻዋ ሆና ቆየች፤ ግን በላች።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ የእናቴን አፍ መጠበቅ ሆነ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጉርሻ ከየአቅጣጫው ይመጣል። አክስቴን "ሐኪም ከልክሎናል" ስላት እጇን አየት አድርጋ "ምነው፣ የኔ እጅ ምን ሆነ?" አለችኝ። ጠቅልላ የያዘችውን ራሷ በልታው ተነሳች፤ ለወራት አኩርፋኝ ቆየች። ጉርሻ የከለከለች ልጅ ተብዬ በዘመድ ሁሉ ወሬዬ ተወራ።

ጠዋት ጠዋት እናቴ እጇን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክራለች፤ ከዚያ ሥራ ነው። ጨርቅ ትጨምቃለች፣ ጠረጴዛ ትወለውላለች፣ የዳቦ ሊጥ ታሻለች፣ የታጠበ ልብስ ላይ መቆንጠጫ ትሰካለች። ትንሽ ሲሳብ ይቀጥላል፣ ሲያቃጥል ይቆማል፤ ሕጉ ይኸው ነበር። ብዙ ቀን ምንም ለውጥ አይታይም። አንዳንዴ ጠዋት እንደገና ደርቆ ያድራል፤ እሷም ያንን ቀን አታናግረንም። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ነው የራሴን ሰውነት ማየት የጀመርኩት። ቢሮ ስውል ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደርሶ እንደሚቆይ፣ ከወንበር ስነሳ ወገቤን ይዤ እንደማቃስት ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ሰው ዕድሜ ነው ሲል እኔም ዕድሜ ነው እል ነበር። ለካስ ከዕድሜው ብዙው መቀመጥ ነው።

ከብስራተ ገብርኤል ስንመለስ አንድ ቀን ሚኒባሱ ድንገት ፍሬን ያዘ። ክንዷን ለመያዝ ዘወር ስል እናቴ የፊቷን ወንበር ብረት በቀኝ እጇ ጨብጣ ተቀምጣለች። እሷ ራሷ አላስተዋለችውም። ነገርኳት። እጇን አየችው፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ፤ ደስ የሚለውን ነገር እየነገርኳት ፊቴ ለምን እንደጠቆረ ገብቷታል። እጇ በዳነ ቁጥር ወደ ፉሪ እየቀረበች ነበር። አልፎ አልፎ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ ይዘግይ እያልኩ እመኝ ነበር።

የሥራ ሐኪሟ በመጨረሻ አንጓው እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ እንደማይታጠፍ ነገረችን። በልቤ ደስ አለኝ፤ በዚያው አፈርኩ። ጓጉንቸሩ አሁንም አልከፈት ብሏል፤ ትይዘዋለች፣ ማዞሩ ላይ ጉልበት ያጥራታል። "እጁ እስኪደርስለት ቁልፉን እናቅርብለት" አለች ልጅቷ፤ የቁልፉ ራስ ቢወፍርና ቢረዝም በትንሽ ጉልበት ይዞራል። እናቴ ወንድሜን ፉሪ ላከችው፤ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባቴን ጠፍር ቁራጭ አምጣልኝ ብላ። ቅባት ቀብታ ስታሸው ሰነበተች። ሲለሰልስላት እርሳስ ከምታህል እንጨት ጋር አድርጋ የቁልፉ ራስ ላይ ጠመጠመችው።

ማታ፣ ዜና እያየን፣ ጠቅ ሲል ሰማሁ። ቀና ስል ጓጉንቸሩ ተከፍቶ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው። ባለቤቴ ድምፁን ቀነሰ። እኔም ተነስቼ ፌስታሉን አመጣሁላት።

እሑድ ፉሪ ወሰድኳት። ጎረቤቷ ግቢውን ከፍታ ጠበቀችን፤ ያቺ ዶሮ ወፍራ፣ ጫጩት አስከትላ ትዞራለች። እናቴ ጎመኗን ዞር ዞር ብላ አይታ፣ ተሳድባ፣ ቀንጥሳ ቀቀለችው። ማዕዱ ሲቀርብ እንጀራውን ቆረሰች። ቀስ ብላ ጠቀለለችውና ወደ አፌ ዘረጋችልኝ። ጎመኑ ከጫፉ ይንጠባጠባል። ጎንበስ ብዬ ጎረስኩ።

ስወጣ ቀኑ ሊመሽ ነበር። ጉንጬን ስማኝ በሩን ከኋላዬ ገጠመችው። እርምጃዬን አልጀመርኩም። መቀርቀሪያው ሲሳብ፣ ጓጉንቸሩ ቆርቆሮውን ሲነካ ሰማሁ። ቁልፉ አንዴ ተንገራገጨና ቆመ። እጄን አነሳሁ፣ ላንኳኳ፣ እኔ ልዝጋልሽ ልላት፣ ነይ እንመለስ ልላት። እጄ አየር ላይ እንዳለ ጠቅ አለ።

"ሂጂ እንጂ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ" አለችኝ ከውስጥ፣ ኦሮምኛዋን ቀላቅላ። "ቆመሽ እንዳለሽ ሰምቼሻለሁ። ታክሲ ያመልጥሻል።"

ሄድኩ።