ኑሮዬ በአክስትየዋ ፊት ሲለካ

ስኳር የያዘኝ ልጅ ሳለሁ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በስደት ስንኖር ነው። ወደ አገራችን ተመልሰን ጁባ ከገባን ወዲህ ጉምቦ ሰፈር ባለችው ቤታችን ፍሪጅ ስለሌለ ኢንሱሊኔን እርጥብ አሸዋ በሞላሁት ማሰሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ። እሱን ለምጄዋለሁ። ያቃተኝ ሌላ ነው፤ ስኳሬ ሲወርድ አይታወቀኝም። ድሮ ያልበኝ፣ ያንቀጠቅጠኝ ነበር። አሁን ግን በቆምኩበት ድፍት ነው። ስለዚህ ጣቴን ወግቼ ደሜን የምለካበት ስትሪፕ ካጣሁ በሕይወት መቆየቴ እንዲያው በዕድል ነው።

ክሊኒኩ ስትሪፕ እያጠረው ሲመጣ ጥናት መጣ ተባለ። የስኳር በሽተኞችን የኑሮ ጥራት ይለካሉ፤ ኑሮው የከፋበት ስትሪፕ ይሰጠዋል፣ ደህና ነው የተባለ ደግሞ ይጠብቃል። ነርሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እውነቱን ተናገሪ፣ ምንም እንዳታሳምሪ» አለችኝ። እናቴን አታውቃትም።

በዚያው ሰሞን ኮሎሎ ሰፈር የሚኖር አንድ ሰው ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። እኛ ጋ ለጥሎሽ የሚሰጠው ከብት ከመነዳቱ በፊት የልጅቷ ዘርና ጤና ይጣራል። ስኳር እንዳለብኝ ወሬ ደርሷቸው ቢጠይቁ፣ እናቴ «ትንሽ ናት፣ ከረሜላ ካልበላች ምንም አትሆንም» ብላ ሸኘቻቸው። አላመኗትም። ራሷ ሰምታ እንድትመለስ የሰውየውን አክስት ከእኛ ጋር ክሊኒክ ሰደዷት። እሷም እንደ እኛ ኢትዮጵያ ያደገች ናት፤ ጥያቄው በአማርኛ ስለሆነ አይገባትም ብዬ እንኳ ልጽናና አልቻልኩም።

ጠያቂዋ ከአዲስ አበባ የመጣች ትሑት ባለሙያ ነበረች። ታብሌቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ብቻችንን ብንሆን አይሻልም?» አለች።

«ቤተሰብ ነን» አለች እናቴ፣ አክስትየዋን አጠገቧ እያስቀመጠች።

«ባለፈው ወር ስኳሬ ይወርዳል ብለሽ ምን ያህል ሰግተሻል?»

«ሁልጊዜ» አልኩ። «ልተኛ ስል እፈራለሁ።»

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «ይህችማ አይጥ ነው የምትፈራው! አንቺ ደግሞ አምነሽ እንዳትጽፊ። ማፊ ሙሽኪላ በይ፣ ምንም ችግር የለባትም።» እየሳቀች ጭኔን ከስር ቆነጠጠችኝ። አክስትየዋም ሳቀች። ጠያቂዋ እኔን አየችኝ፣ እናቴን አየቻት፣ ከዚያ ታብሌቷ ላይ የእናቴን መልስ ነካች።

«ራስሽን ስተሽ ታውቂያለሽ?»

አፌን ከመክፈቴ፣ «ጾም ታበዛለች» አለች እናቴ። «የጾመ ሰው አይደክመውም እንዴ?»

አክስትየዋ ደግሞ የራሷን ጥያቄ አመጣች። «ትወልዳለች?»

«ጥሩ ክትትል ካላት ትወልዳለች» አለች ጠያቂዋ በቅንነት። ከዚያ ወዲያ ወደ እኔ የዞረ ሰው የለም። እናቴን በዚያች ሰዓት ጠላኋት፤ ጮክ ብዬ ባልናገርም ከልቤ ጠላኋት።

ሲያልቅ ጠያቂዋ እጄን ጨብጣ፣ «ጎበዝ ነሽ፣ ከሁሉም ጥሩ ነጥብ ያመጣሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። እናቴ ከክፍል አንደኛ የወጣሁላት ይመስል አክስትየዋን ቀና ብላ አየቻት።

ስትሪፑ ለሌሎች ተሰጠ። ቤተሰቦቻችንም በከብቱ ቁጥር ተስማሙ። እናቴ ልብሴን ስታዘጋጅ ትመክረኝ ጀመር፤ መርፌዬን ሽንት ቤት ገብቼ ልወጋ፣ ለባሌ የምነግረው ከወለድኩ በኋላ ይሁን፣ የልጁን እናት አያባርርም።

«እማ፣ ስትሪፕ የለኝም። ከዚያ በፊት ስኳሬ ወርዶ ብሞትስ?»

ማጣጠፏን አላቆመችም።

«ሳትወልጂ ከሞትሽማ ከብቶቹን መልሱ ይሉናል» አለች። «እንደምንም ብለሽ ውለጂ።»