ፀሐይን ስንረግም

አክስቴ ሙሽራ በማሳመር የታወቀች ናት። ከንፈሯ ላይ ምች በወጣ ቁጥር ፀሐይን ትረግምና ቁስሉን በሊፕስቲክ ሸፍና ሥራዋን ትቀጥላለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረች። ዛሬ ግን አላስቻለኝም፤ እየጎተትኩ ፋርማሲ ወሰድኳት።

ፋርማሲስቷ ቅባት ሰጠቻትና፣ "ገና ከንፈርዎን ሲያሳክክዎት ይቀቡት፤ ከቆሰለ በኋላ ብዙም አይረዳም" አለቻት። "ፀሐይ ትቀሰቅሰዋለች እንጂ አታመጣውም። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው፤ ከንፈርዎን የነካ ዕቃ ሌላ ሰው አይንካው።"

ምስኪን ፀሐይ! በከንቱ ስሟን ስናጠፋ ኖረናል።

አክስቴ ሊፕስቲኩን ከቦርሳዋ አውጥታ አፈጠጠችበት። "ጉዴ ፈላ! ሙሽሮቹንም የምቀባው እኮ በዚሁ ነው!"

ባለፈው እሑድ የዳረችኝም የኳለችኝም እሷ ናት። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ከንፈሬን ያሳክከኛል።