«የለም» ብዬ የጻፍኳት መስመር

የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው፤ የምሠራው ግን በዓይኔ አይቼው ለማላውቅ የውጭ ድርጅት ነው። ሥራዬ መመሪያ መጻፍ ሲሆን የምጽፍለት አንባቢ ሰው አይደለም። ክሪፕቶ የተባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች በስልካቸው የሚጠይቁት ሰው ሠራሽ ረዳት አለ፤ «ያዘዝኩት ግዢ ምን ደረሰ?» ሲሉት የቆየውን የትዕዛዝ መዝገብ ፈልጎ ይመልሳል። በምን መሣሪያ እንደሚፈልግ፣ ያገኘውንም እንዴት እንደሚናገር የምነግረው እኔ ነኝ። እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ለማሽን ምክር ይጽፋል» ትላለች። ከዚህ የተሻለ እኔም አላስረዳም።

በዚያ መመሪያ ውስጥ አንዲት መስመር ነበረች፦ «ፍለጋው ባዶ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ የለም ብለህ በአጭሩ መልስ።» አለቆቼ ወደዷት። እኔም ኮራሁባት፤ አጭር መልስ አዋቂነት ይመስለኝ ነበር።

እህቴ ያገባችው ውጫሌ ነው። ባሏ ጨርቅ ነጋዴ፣ ደግ ሰው ነው፤ ግን ይህ ክሪፕቶ የሚሉት ነገር ልቡን ወስዶት ነበር። እህቴ «ቁማር ነው፤ ሐራም ቤቴ አይገባም» ብላ ረመዳን ሲገባ እንዲተው ቃል አስገባችው። ገና ያልተፈጸመ አንድ የግዢ ትዕዛዝ ነበረው፤ «ሰርዤዋለሁ፣ ተውኩት» አላት። ከዒድ በኋላ አንዲት ጎረቤት «ባልሽ መቼ ተወ?» የምትል ወሬ አቀበለቻት። እህቴ ድህነት ትችላለች፣ ውሸት አትችልም። «አፋቱኝ» ብላ ሽማግሌ ፊት ቆመች።

ወንድሟ ነኝና ተጠራሁ። ሦስት ሽማግሌዎች የእህቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። በእኛ ዘንድ ምስክር የሚሰማበት ወግ አለ፤ ምስክሩ «አልነበረም» ካለ ዋናው ሽማግሌ ያቋርጡታል። «አላየሁም በል። አለመኖሩን የሚያውቅ አላህ ነው» ይሉታል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግኩት።

የእህቴ ባል ተማምኖ ስልኩን አወጣ። «እኔን አትመኑኝ፣ መዝገቡ ይመስክር» አለ። ረዳቱን «የሰረዝኩትን ግዢ አሳየኝ» ብሎ ጠየቀውና ጮክ ብዬ እንዳነበው ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። እኔም አነበብኩ፦ «በስምዎ የተሰረዘ ትዕዛዝ የለም።»

እህቴ በሻሿ አፏን ይዛ አለቀሰች። ባሏ እኔ ያላነበብኩት ነገር የቀረ ይመስል ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ደጋግሞ አየው። ሽማግሌዎቹም አላቋረጡም፤ ስልክን «አላየሁም በል» ብለው አያውቁም። እኔ ግን ቃሉን አወቅኩት። የእኔ ነበር። ልናገር ብዬ አፈርኩ፤ ደግሞም መልሱ ስህተት መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ሳልናገር ቀረሁ። እህቴ ያን ቀን ልብሷን በፌስታል ይዛ ከእኔ ጋር ወደ ሐይቅ መጣች።

በማግስቱ ጠዋት ረዳቱ መዝገቡን የሚፈልግበትን መሣሪያ ሰነድ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ምንም ሳይገዛበት የተሰረዘ ትዕዛዝ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከመዝገቡ ይጠፋል ይላል። ድሮ አንብቤ፣ ጥቃቅን ነገር ብዬ የዘለልኩት ነው። ሰውየው እንዳለው ትቶ ከሆነ፣ መተዉ ዱካ የለውም። በራሴ ተናደድኩ። መስመሯን «አላገኘሁም በል፤ የቆየ ስረዛ ላይታይ ይችላል» ብዬ አስተካከልኳት። ለዚህ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።

ሳምንት ሳይሞላ እህቴን ይዤ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረብኩ። ስልኩን እንዲያ ያስባልኩት እኔ ነኝ ብዬ ሁሉንም ተናገርኩ። ዋናው ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝና፣

«ሲሰርዝ አይተሃል?» አሉኝ።

«አላየሁም፣ አባቴ።»

«ታዲያ ምን ይዘህ መጣህ?»

ውሸታም ያሰኘሁትን ሰው እውነተኛ ላሰኘው እንደማልችል ያን ጊዜ ገባኝ። ስሙን አጥፍቼ የመለስኩለት ጥርጣሬን ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ ያፈርኩበት ቀን የለኝም።

ባልየው «ወላሂ…» ብሎ ሊነሳ ሲል ሽማግሌው በእጃቸው መለሱት። «አብሽር፣ ተቀመጥ። ትዳር በመሐላ አይቆምም።» ወደ እህቴም ዞሩ። «ልጄ፣ የቀረው አንቺ ዘንድ ነው።»

እህቴ «ወደ ቤቴ እገባለሁ» አለች። ዱዓ ተደረገ፤ አሚን አልን።

ስሰናበታት በራቸው ላይ «ይቅር በይኝ» አልኳት።

«አንተንስ ይቅር ብያለሁ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ያን ቀን፣ ስታነበው፣ ባሌን እንደ ውሸታም አየሁት። እሱም እንዲያ ሳየው አይቶኛል።»